«ካን» ብላቸው ጥለውኝ ሄዱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዚህ ሰሞን ጥያቄዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አራቱም ከባሕር ዳር ናቸው፤ አራቱም ስለሚነገር እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። እኔም እዚሁ ከተማ ስንት ካርቶን ጠመኔ የጨረስኩ የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆንኩ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። የእንግሊዝኛ ቃላቱን የጻፍኳቸው በፊደላችን ነው። ፊደላችን ደግሞ ለዚህ ሥራ ግማሹን ያግዛል፣ ግማሹን ያበላሻል። ስለዚህ በዓይናችሁ ብቻ አትለፉት፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ቤት ውስጥ ሰው ካለም ይሳቅባችሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጣና ዳር፣ ጀልባ መነሻው ላይ አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው ሁለት አሜሪካውያን መጡና ከምሳ በኋላ ዘጌ መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም በደንብ እንዲሰሙኝ ረገጥ አድርጌ «ዊ ካን ጎ አፍተር ላንች» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና «ኦኬ፣ ቴንክ ዩ» ብለው ሄዱ። ጓደኛዬ «ካንት ያልክ መስሏቸው ነው» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። እኔ እኮ ት የምትባል ድምፅ ካፌ አልወጣችም! ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛህ ነው ልክ፤ ምን ላድርግህ። ት እንዳላወጣህ አምንሃለሁ። ችግሩ ት ላይ አልነበረም። አሜሪካውያን ራሳቸው «ካንት» ሲሉ የመጨረሻዋን ት ብዙውን ጊዜ ጉሮሯቸው ላይ አፍነው ያስቀሯታል። ታዲያ እርስ በርስ እንዴት ይግባባሉ? በአናባቢው ነዋ! «እንችላለን» ሲሉ ካን ትኮሰምንና «ክን» ትሆናለች፤ ክብደቱ ሁሉ ግሱ ላይ ያርፋል፦ «ዊ ክን ጎ»። «አንችልም» ሲሉ ግን አናባቢዋ ሙሉ ሆና፣ ክብደት ይዛ ትወጣለች። አንተ እንዲሰሙህ ብለህ ካንን ረገጥካት። የተረገጠች ካን ደግሞ ለእነሱ ጆሮ «አንችልም» ናት። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ እንደሚነሳ ከሌላ ሰው ሰምተው ከነበረማ ጭራሽ አመኑህ።

ካን ሙሉ ሆና የምትወጣበት ቦታም አለ። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ አትኮሰምንም፦ «ዬስ፣ ዊ ካን» ይባላል እንጂ «ዬስ፣ ዊ ክን» አይባልም። ለጊዜው ግን የኔ ምክር ቀላል ነው። መጀመሪያ «ዬስ» በል። ከዚያ የፈለግከውን ብትረግጥም እንግዳው አይጠፋብህም።

ነገሩ ግን ከካን ይሰፋል። እንግሊዝኛ ቃላቱን እኩል አያስተናግድም። ስሙ፣ ዋናው ግስ፣ ቅጽሉ ጌቶች ናቸው፤ ጫና ይሰጣቸዋል። «ቱ»፣ «ኦፍ»፣ «ፎር»፣ «አት»፣ «አንድ»፣ «ሃቭ» የሚባሉት ደግሞ ተላላኪዎች ናቸው፤ ድምፃቸው አይሰማም። ጫና የምለው መምህራን «ስትረስ» የምንለውን ነው። ተማሪዎቼ «ዛሬ ስትረስ እንማራለን» ስላቸው ገና ከመጀመሪያው ጭንቀት ይይዛቸው ስለነበር ቃሉን ትቼዋለሁ።

ተላላኪዎቹ ሲኮሰምኑ አናባቢያቸው ወዴት ይሄዳል? አብዛኛው ወደ አንዲት ደካማ ድምፅ ይጠቀለላል። ስሟ ሽዋ ነው። ከሸዋ ጋር ዝምድና የላትም፤ ስሙ ከዕብራይስጥ ሰዋስው የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ሲነገር ከየትኛውም አናባቢ በላይ የምትሰማው እሷ ሆና ሳለ የራሷ ፊደል የላትም፤ አንዴ ኤ፣ አንዴ ኢ፣ አንዴ ኦ ሥር ተደብቃ ትኖራለች። እኛ እድለኞች ነን፤ «ኧ» አለችን። ያቺው ናት ማለት ይቻላል።

አሁን ባጃጅ አስብ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠዋል። ሕፃናት ሲጨመሩ ጭን ላይ ይታቀፋሉ እንጂ ባጃጁ አይረዝምም። እንግሊዝኛም እንዲያ ነው። «ቦውትስ ኒድ ፊውል» በል፤ ሦስት ጌቶች ናቸው። ቀጥሎ «ዘ ቦውትስ ል ቢ ኒዲንግ ሰም ፊውል» በል። ሕፃናት ተጨመሩ፤ ጌቶቹ ግን ያው ሦስት ናቸው፤ ጊዜውም ብዙ አይረዝምም፣ ትንንሾቹ ተጠጋግተው ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1945 ኬኔት ፓይክ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ይህን ጠባይ በጫና የሚለካ ምት ብሎ ጻፈው። ኋላ በመሣሪያ የለኩት ሰዎች በጫናና በጫና መካከል ያለው ጊዜ እሱ እንዳለው እኩል ሆኖ አላገኙትም። ይሁን፤ ለመለማመጃ ግን ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አላገኘሁም።

እኛን የሚያስቸግረን ፊደል ስንቆጥር ያደግንበት ልማድ ነው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፤ ለእያንዳንዷ እኩል አንድ ጭብጨባ። ባጃጁ ውስጥ ሕፃኑንም ሙሉ ወንበር እንሰጠዋለን። በአማርኛ ይህ አያጣላም። የኛ ጆሮ የሚጠብቀው ጫናን አይደለም፤ መጥበቅና መላላትን ነው። «ገና ገና ነው» ብልህ አንደኛው ጠብቆ ሁለተኛው ላልቶ የልደት በዓል እንዳልደረሰ ወዲያው ይገባሃል። ዋና ስፖርቱ ይላላል፤ ዋናው ቁም ነገር ይጠብቃል። ፈረንጅ ይህን ለመስማት መከራውን ያያል። እኛም ጫናን ለመስማት መከራ ብናይ አይፈረድብንም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። እንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ሁለት ፊደል ተደርቦ ሲጻፍ እናጠብቃለን። «ሳመር»፣ «ሀፒ»፣ «ኮፊ» ላይ የተደረበው ፊደል አይጠብቅም። አላላው።

ለሥራህ የሚሆኑ ጥቂት ቃላት ልስጥህ። «ሞነስትሪ» ላይ ጫናው መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። «ማንዩስክሪፕት»ም እንዲሁ፤ «ፔሊከን»ም። «ሆቴል» ግን ሁለተኛው ላይ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል «ፐፓይረስ» ነው፤ ጫናው «ፓይ» ላይ፣ የመጀመሪያዋ ፐ ደካማ። ጉማሬውን ሙሉ ስሙን ስትጠራው «ሂፐፖተመስ» ብለህ «ፖ»ን ርገጥ። «አይለንድ» ስትል ስ የሚባል ነገር የለም፤ ጽሑፉ ላይ ብታየውም እለፈው። አንድ ቃል ውስጥ ጫናው የቱ ላይ እንዳረፈ ከተጠራጠርክ መዝገበ ቃላት ክፈት፤ ከጫናው ክፍል በፊት ከላይ በኩል ቀጥ ያለች ትንሽ ጭረት ታገኛለህ። ጫናው ቦታ ሲቀይር ትርጉም የሚቀየርባቸውም አሉ። «ሬኮርድ» መጀመሪያው ላይ ሲረገጥ ስም ነው፤ «ሪኮርድ» መጨረሻው ላይ ሲረገጥ መቅዳት የሚለው ግስ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቁጥር! ገና ወጣት ሳለሁ ለአንድ የውጭ ቡድን አስተርጓሚ ሆኜ ጀልባ እንዳዘጋጅ ተላክሁ። «ሰርቲ» ሲሉኝ «ሰርቲን» ሰማሁ። ለ13 ሰው የሚሆን ጀልባ ይዤ ብቅ ስል 30 ሰው ባርኔጣውን አድርጎ ወደቡ ላይ ተሰልፏል። 13 ለብቻው ሲጠራ ጫናው «ቲን» ላይ ነው፤ 30 ግን «ሰር» ላይ ነው፣ «ቲ» ደክማ ትቀራለች። 15ና 50ም፣ 14ና 40ም እንደዚያው ናቸው። የሚያስቸግረው 13ን ስም ሲከተለው ጫናው ወደ ፊት ሊሸሽ መቻሉ ነው፤ ያኔ ልዩነቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ገንዘብና የሰው ብዛት ላይ ጆሮህን አትመን። «ዋን ስሪ ኦር ስሪ ዜሮ?» ብለህ ጠይቅ። ማንም አይስቅብህም። እኔ ላይ ግን ተስቋል።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ግራመር ላይ ማንም አይችለኝም። ፊልም ሳይ ግን የግርጌ ጽሑፉ ከጠፋ አለቀልኝ። ጽሑፉ ሲመለስ ደግሞ የማላውቀው አንድ ቃል የለም! ፍጥነታቸው ነው? የሚያዘገይ አፕ ልጠቀም?

መልስ፦ ማዘግየት ትችላለህ፤ ግን ያው የተጣበቀው ነገር ተጎትቶ ነው የሚሰማህ። የጠፋብህ ቃሉ አይደለም፤ በቃሉና በቃሉ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ወረቀት ላይ እንጂ አፍ ላይ የለም።

አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ጎረቤት ነበረኝ። አንድ ቀን «የታለ» የሚል ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈልግ ውሎ ተናዶ መጣ። «የት» ያውቃል፣ «አለ» ያውቃል። «የታለ» ግን ሦስተኛ ቃል መስሎታል። እኛ ይህን ቀኑን ሙሉ ስንሠራ ነው የምንውለው። «ምን አለበት» አንልም፤ «ምናለበት» ነው። «ምን አገባህ»ም «ምናገባህ» ነው። «ቤተ ክርስቲያን»ን ደግሞ እናቶቻችን «ቤተስኪያን» ብለው ጨርሰዋታል። እንግዲህ አንተም ፊልም ስታይ ያ ጎረቤቴን ሆነሃል።

አሁን ከላይ የወቀስኩትን ፊደል ልክሰው። ለመያያዝ ከፊደላችን የተሻለ መሣሪያ የለም። ክ ሳድስ ናት፤ ኢ ሲመጣባት ኪ ትሆናለች። ት ላይ አ ሲመጣ ታ። እንግሊዝኛ በተነባቢ የሚያልቀውን ቃል በአናባቢ ከሚጀምረው ጋር የሚያገጣጥመው ልክ እንዲሁ ነው። «ፒክ ኢት አፕ» ሦስት ቃል ነው ብለህ አትስማው፤ «ፒኪታፕ» ነው። «ተርን ኦፍ» «ተርኖፍ»፣ «ኖት አት ኦል» «ኖታቶል»። አሜሪካውያን ደግሞ በሁለት አናባቢ መካከል የገባችውን ት ያለሰልሷታል፤ ከኛ ር ጋር ልትምታታ ምንም አይቀራት፦ «ጌት ኢት» «ጌሪት» ይሆናል። «ሂም» እና «ሂዝ»ም ሀቸውን ጥለው ይጣበቃሉ፤ «ቴል ሂም» «ቴሊም»።

ሁለት አናባቢ ሲጋጠም መሃል ላይ ው ወይም ይ ሾልካ ትገባለች። «ጎ ኦን» «ጎዎን»፣ «ሲ ኢት» «ሲዪት»። እኛ ገበሬ ላይ ኦች ስንጨምር ገበሬዎች የምንለው ለምን ይመስልሃል?

በጣም የምወደው ግን ይህኛው ነው። «ዲድ ዩ» ሲሉ «ዲጁ»፣ «ዶንት ዩ» ሲሉ «ዶንቹ»፣ «ሚስ ዩ» ሲሉ «ሚሹ»፣ «አዝ ዩ» ሲሉ «አዡ» ይሆናል። ተማሪዎች ስንፍና ይመስላቸዋል። እስቲ ወንድምህን እዘዘው፤ ሂድ፣ ክፈት፣ ልበስ፣ ያዝ። አሁን እህትህን እዘዛት፤ ሂጂ፣ ክፈቺ፣ ልበሺ፣ ያዢ። ድ ወደ ጅ፣ ት ወደ ች፣ ስ ወደ ሽ፣ ዝ ወደ ዥ። ያው ነው! አራቱም ጥንድ ሳይዛነፍ። ምላሳችን ኢ ወይም ይ ሲመጣበት ወደ ላንቃ ይሸሻል፤ የነሱም ይሸሻል። ይህን ለተማሪዎች ባወጣሁት ቁጥር ከኋላ ወንበር ሳይቀር ቀና ይላሉ።

ሌላም አለ። መንገዶቻችን ዳር የተተከሉት ዛፎች ዘንባባ ናቸው ወይስ ዘምባባ? በሁለቱም ተጽፎ ታያለህ፤ አፍ ላይ ግን ን ከ በ ፊት ስትሆን ም ነው የምትሆነው። አንበሳና ወንበርም እንዲሁ ናቸው። «ቴን ቦውትስ» ስትሰማ «ቴም ቦውትስ» ከመሰለህ ጆሮህ አልተሳሳተም። አንድ ዓይነት ተነባቢ ሲጋጠም ደግሞ የኛ ሙያ ይመጣል። «ዚስ ሳተርደይ» ሁለት ስ አይደለም፤ አንዲት የጠበቀች ስ ናት። እዚህ ላይ እኛ ከብዙ ሰው እንበልጣለን።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከምትወደው ፊልም 15 ሰከንድ ብቻ ቁረጥ። የግርጌ ጽሑፉን አጥፋ። የሰማኸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይሆን በኛው ፊደል ጻፍ፤ ትርጉም ባይሰጥም ግድ የለም፤ «ዋርየ ገነ ዱ» ብለህ ጻፍ። ከዚያ ጽሑፉን አብራና አስተያይ። «ዋት አር ዩ ጎኢንግ ቱ ዱ» ነበር ለካ! የሚጣበቁት ቦታዎች ላይ አክብብ፣ ከተዋናዩ ጋር እኩል አብረህ በል። አንድ ሰዓት ፊልም ተኝቶ ከማየት እነዚህ 15 ሰከንዶች ይሻላሉ። ክፍል ጓደኞችህ አብደሃል ይሉህ ይሆናል፤ በጆሮ ማዳመጫ አድርገው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። አንድ እንግዳ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ዓሣ ጉላሽ ባስቀምጥለት «አይ ዲድንት ኦርደር ዘ ፊሽ» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሳህኑን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቱ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ለካ ዓሣው የሷ ነበር። እሱ ግን «አላዘዝኩም» ነው ያለኝ! ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ግማሹ የሱ ነው። ሳህኑን ወደ ሚስቱ ገፋ ቢያደርገው ምን ነበረበት! ሌላውን ግማሽ ግን እንነጋገርበት።

እንግዳሽ ምናልባት «አይ» የምትለውን ከፍ አድርጎ ረግጧታል። ያኔ የተናገረው «አላዘዝኩም» አይደለም። በኛ ቋንቋ ቢሆን «ዓሣውን ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም» ይልሽ ነበር፤ ወይም ባጭሩ «እኔማ አላዘዝኩም»። ቃላቱ ሳይነኩ ጫናው ብቻ ቦታ ሲቀይር ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። «ፊሽ» ላይ ቢረግጥ «ያዘዝኩት ዓሣ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው» ማለቱ ነበር። «ኦርደር» ላይ ቢረግጥ «ስለ ዓሣው ጠየቅኩ እንጂ መቼ አዘዝኩ» ይሆናል። «ዲድንት» ላይ ቢረግጥ ከሰው ጋር እየተከራከረ ነው፤ ያኔ አለቃ ጥሪ።

እኛ ይህን ሥራ ለድምፅ አንተወውም። ቃሉን ወደ ፊት እናመጣለን፣ «ነው» እና «አይደለም» እንጠቀማለን፣ ወይም ማ፣ ስ፣ እኮ እንለጥፋለን። «እኔስ?» ማለትና «እኔማ» ማለት ምን ያህል እንደሚራራቁ አንቺ ታውቂዋለሽ። እንግሊዝኛ «ማ»ም «ስ»ም የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው ድምፁን ከፍ ማድረግንና መርገጥን ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ድምፅ ስትሰሚ ተቆጣኝ ብለሽ አትደንግጪ፤ ማ እያለሽ ይሆናል።

ለሥራሽ የሚበጅ አንድ መለያ ልንገርሽ። ምንም የተለየ ነገር ከሌለ ከባዱ ጫና የዓረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ጌታ ቃል ላይ ነው የሚያርፈው፤ እዚህ «ፊሽ» ላይ ነበር የሚጠበቀው። ጫናው ከዚያ ሸሽቶ ሌላ ቦታ ከተሰማሽ ሰውየው አንድን ነገር ከሌላ እየለየልሽ ነው። ሳህኑን ከማንሳትሽ በፊት ፈገግ ብለሽ «ሁ ዲድ?» በይው፤ «ሁ» ላይ ረገጥ አድርገሽ። ሚስትየዋ እጇን ታወጣለች፣ ጉላሹም ሳይቀዘቅዝ ይበላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው። «እስኩል»፣ «እስትሪት»፣ «እስፖርት» ይላል። እየተቆጣሁት ነው። ይተወዋል?

መልስ፦ አይቆጡት፤ ያስተማርነው እኛ ነን። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ተደርቦ እንዲመጣ አይወድም፣ ስለዚህ እ ቀድማ በሩን ትከፍታለች። እንግሊዝኛ ላይ ግን ይቺ እ አንድ ትርፍ ሕፃን ባጃጁ ላይ ትጭናለች። መላው ከላይ ያለው መያያዝ ነው። ለብቻው «ስኩል» እንዲል አያስገድዱት። «ማይ ስኩል» ይበል፣ ስን ለማይ ሰጥቶ፦ «ማይስ፣ ኩል»። ቀስ በቀስ ያፍጥነው፤ «ማይስኩል»። ሲለምድ ማይን በሹክሹክታ ይበላት፣ ከዚያ ይጣላት። ለ«እስትሪት» «ዘ ስትሪት»፣ ለ«እስፖርት» «ማይ ስፖርት» ይሁን። ማታ ከእራት በፊት አሥር አሥር ጊዜ ይበላቸው፤ እርስዎም አብረውት ይበሉ፣ እርስዎም «እስኩል» ሳይሉ አይቀሩም።